ድምፅ መሰብሰብና ድምፅ መጠበቅ
የአንድ የምርጫ ዘመቻ ስልት ነዳፊ ሕይወትና የጉራጌ ከተሞች ትምህርት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ስለ ፖለቲካ ሲጻፍም ሆነ ሲነገር ስማቸው ጎልቶ የሚወጣው በአደባባይ የሚናገሩት፣ በጦር ሜዳ የሚዋጉትና በዙፋን ወይም በወንበር ላይ የሚቀመጡት ሰዎች ናቸው። ከእነዚህ ሰዎች ጀርባ ቆሞ፣ ሕዝቡ የት እንደሚገኝ፣ ምን እንደሚሰማ፣ ማንን እንደሚያምንና በየትኛው ቀን ሊሰበሰብ እንደሚችል አስቀድሞ የሚያሰላ ሌላ ዓይነት ሠራተኛ አለ። በውጭ አገር ይህ ሥራ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ፣ ደመወዝ እየተከፈለበት ከምርጫ እስከ ምርጫ ሲሠራበት የኖረ ነው። በኢትዮጵያ ግን ይህን ሥራ እንጀራዬ ብሎ የያዘ ሰው አይገኝም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሥራው ያልነበረ ሆኖ ሳይሆን፣ የሠሩት ሰዎች በሌላ ሙያቸው ስለሚታወቁ ነው። መምህር ወይም ነጋዴ ወይም የእድር ዳኛ የሆነ ሰው፣ ዘመኑ ሲጠይቀው የምርጫ ዘመቻ ስልት ነዳፊ ይሆናል፤ ዘመቻው ሲያልፍም ወደ ቀድሞ ሥራው ይመለሳል፤ ወይም ደግሞ ሳይመለስ ይቀራል።

የዚህ ንግግር ዓላማ የዚህን ሥራ ጠባይ በአንድ ሰው ሕይወትና በሁለት ከተሞች ታሪክ አማካይነት መመርመር ነው። ሰውዬው በ1997 ዓ.ም. በተደረገው ጠቅላላ ምርጫ የቅንጅት ለአንድነትና ለዴሞክራሲ የምርጫ ዘመቻ ዋና ስልት ነዳፊ የነበሩት የኢኮኖሚክስ ምሁር ዶክተር ብርሃኑ ነጋ ናቸው። ከተሞቹም ወልቂጤና ቡታጅራ ናቸው። ከተሞቹ የተመረጡበት ምክንያት አለ። ማናቸውም የምርጫ ስልት በወረቀት ላይ ሲነደፍ ያማረ ይመስላል፤ ፍሬው የሚታወቀው ግን ሕዝብ በሚኖርበት ቦታ ላይ ሲፈተን ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ስለ ቦታው ጥቂት ማለት ይገባል።

ወልቂጤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከ150 ኪሎ ሜትር ጥቂት አለፍ ብላ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ቡታጅራ ደግሞ ከዓለም ገና ተነሥቶ ወደ ሆሳዕና በሚዘልቀው መንገድ ላይ፣ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። በሁለቱ መካከል የጉራጌ ተራሮች ይቆማሉ። ተራሮቹ ሁለቱን ከተሞች ቢለያዩዋቸውም፣ ሁለቱንም የሚያመሳስላቸው አንድ ጠባይ አለ፤ ይኸውም እያንዳንዱ ቤት አንድ እግሩን በአገር ቤት፣ ሌላውን እግሩን በአዲስ አበባ ወይም በሌላ የንግድ ከተማ የተከለ መሆኑ ነው። እንሰቱ በአገር ቤት ይተከላል፤ ሱቁ በመርካቶ ይከፈታል። ለመስቀል ክርስቲያኑ፣ ለዓረፋ እስላሙ ወደ ትውልድ መንደሩ ይመለሳል። በእነዚህ በዓላት ሰሞን በጀፎረው ላይ የሚገናኘው ወንድምና ወንድም የሚጫወተው ስለ ክትፎውና ስለ ከብቱ ብቻ አይደለም። የከተማው ወሬ ወደ ገጠር፣ የገጠሩም ብሶት ወደ ከተማ የሚሻገረው በዚሁ ጊዜ ነው። የፖለቲካ ስልት ነዳፊ የሆነ ሰው ይህን የሰው ጎርፍ ካላወቀ፣ ስለዚህ አገር ምንም አያውቅም ማለት ይቻላል።

ከምርጫ በፊትም ቢሆን የጉራጌ ሕዝብ የዘመቻን ሥራ በሌላ መንገድ ተምሮ ነበር። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሚኖሩ የጉራጌ ተወላጆች ተሰባስበው የመንገድ ሥራ ድርጅቶችን አቋቋሙ። በሰባት ቤት ጉራጌ በኩልም፣ በሶዶና በመስቃን በኩልም ገንዘብ ከየቤቱ ተዋጥቶ መንገድ መቀየስ ተጀመረ። ይህ ሥራ በመልኩ የልማት ይሁን እንጂ በጠባዩ ፍጹም የዘመቻ ሥራ ነበር። የአዋጪዎችን ስም መመዝገብ፣ ለየጎሳውና ለየመንደሩ ሰብሳቢ መሾም፣ ለተቀበሉት ገንዘብ ደረሰኝ መስጠት፣ በስብሰባ ላይ ሒሳቡን ማስመርመር፣ ወላዋዩን በወዳጁ በኩል ማግባባት፣ እምቢተኛውንም በሽማግሌ መለመን ያስፈልግ ነበር። የዛሬ የምርጫ ዘመቻ መሪ ከዚህ የተለየ አንዳች ነገር አይሠራም። የሚለየው በመጨረሻ የሚቀበለው ነገር ነው፤ ያኛው ብር ይቀበላል፣ ይህኛው ድምፅ ይቀበላል። ሁለቱም ግን የተቀበሉትን በትክክል ቆጥረው ካላሳዩ በሚቀጥለው ጊዜ የሚሰጣቸው አይኖርም።

የምርጫው ታሪክ ራሱ የሚጀምረው በ1948 ዓ.ም. ከወጣው የተሻሻለ ሕገ መንግሥት በኋላ ነው። በ1949 ዓ.ም. ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት የመጀመሪያው ሕዝባዊ ምርጫ ተደረገ፤ ከዚያም በ1953፣ በ1957፣ በ1961ና በ1965 ዓ.ም. ተደጋገመ። በዚያን ጊዜ የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረም። ወልቂጤ በጨቦና ጉራጌ አውራጃ፣ ቡታጅራም በሃይቆችና ቡታጅራ አውራጃ ሥር ሆነው በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ ይተዳደሩ ነበር። ዕጩ የሚሆነው ሰው በሚወዳደርበት ቦታ ንብረት ያለው እንዲሆን ሕጉ ያስገድድ ስለነበር፣ ውድድሩ ከሞላ ጎደል የባለ ርስቶችና የታወቁ ሰዎች ነበር። ይሁን እንጂ በዚያው በ1949 ዓ.ም. ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ተመርጠው የምክር ቤቱ የመጀመሪያ ሴት አባል መሆናቸው፣ የተዘጋ የሚመስለው በር እንኳ በትጋት ሊከፈት እንደሚችል አሳይቷል።

ከዚያ ዘመን የተወረሰ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የምርጫ ምልክት ነው። አብዛኛው መራጭ ፊደል ስላልቆጠረ እያንዳንዱ ዕጩ በእንስሳ ወይም በዕቃ ሥዕል ይታወቅ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው የምርጫ ስልት ጥያቄ «ምን እንናገር?» ሳይሆን «ምን ሆነን እንታይ?» የሚለው ሆነ። ማንበብ የማይችል ገበሬ ከገበያ ሲመለስ ለሚስቱና ለጎረቤቱ ሊያስረዳው የሚችለው ምልክት ከሆነ፣ ያ ምልክት ግማሽ ዘመቻ ነው። የደርግ መንግሥት በ1979 ዓ.ም. ለብሔራዊ ሸንጎ 835 ወንበሮች ምርጫ ባስደረገ ጊዜም ድምፅ ተሰጥቷል፤ ነገር ግን ተፎካካሪ ፓርቲ ስላልነበረ ስልት የሚነድፍበትም ምክንያት አልነበረም። ውድድር በሌለበት ምርጫ ቅስቀሳ እንጂ ስልት አይኖርም።

ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ የጉራጌ ዞን በደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ውስጥ ተዋቀረ፤ ወልቂጤም የዞኑ ዋና ከተማ ሆነች። በ1993 ዓ.ም. ደግሞ ለምርጫ ስልት ተመራማሪ እጅግ ትምህርት የሚሰጥ ነገር ተፈጸመ። የስልጤ ሕዝብ ከጉራጌ የተለየ ማንነት ያለው መሆን አለመሆኑ በሕዝበ ውሳኔ እንዲወሰን ተደረገ፤ መራጩም በከፍተኛ ድምፅ የተለየ መሆኑን አረጋገጠ፤ የስልጤ ዞንም ወራቤን ዋና ከተማ አድርጎ ተቋቋመ። ይህ ዘመቻ ሰውን ለአንድ ዕጩ ሳይሆን «እኛ ማን ነን?» ለሚለው ጥያቄ ያሰለፈ ዘመቻ ነበር። ውጤቱን የወደደውም ያልወደደውም ወገን ተቀብሎት ማደሩ፣ የከበደ ጥያቄ እንኳ በድምፅ መስጫ ሣጥን ሊፈታ እንደሚችል ማስረጃ ሆኖ ቆይቷል።

በዚያው በ1993 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ታሰሩ። አንዱ የጂኦግራፊ ሊቁና የሰብአዊ መብት ተሟጋቹ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ሲሆኑ፣ ሁለተኛው ዶክተር ብርሃኑ ነጋ ነበሩ። ምክንያት የሆነው በዩኒቨርሲቲው ስለ ሰብአዊ መብት የተደረገው ውይይትና ከዚያ ቀጥሎ የተነሣው የተማሪዎች ብጥብጥ ነበር። ከአንድ ወር ያህል እስራት በኋላ በዋስ ተለቀቁ። ለብዙ ሰው ዶክተር ብርሃኑ በፖለቲካ የታወቁት ከዚያ ወዲህ ነው፤ የሕይወታቸው መንገድ ግን ከዚያ በፊት ረጅም ጉዞ ተጉዞ ነበር።

ዶክተር ብርሃኑ የተወለዱት በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በደብረ ዘይት፣ በዛሬዋ ቢሾፍቱ ነው። የወጣትነታቸው ዘመን ከአብዮቱ ጋር ገጠመ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት እንደ ጀመሩ በኢሕአፓ ውስጥ ገብተው፣ ቀይ ሽብር ሲበረታ ወደ አሲምባ ተራራ ወጡ። ከዚያም በሱዳን በኩል ተሰደው አሜሪካ ገቡ፤ በዚያም ኢኮኖሚክስ አጥንተው በኒው ዮርክ ኒው ስኩል በተባለው የትምህርት ተቋም የዶክትሬት ማዕረግ አገኙ፤ በበክኔል ዩኒቨርሲቲም አስተማሩ። በ1980ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ወደ አገራቸው ተመልሰው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማስተማርና በንግድ ሥራ መሰማራት ጀመሩ።

ለዚህ ጉባኤ አባላት ከሁሉ ይልቅ ሊያተኩሩበት የሚገባው ቀጥሎ የሚመጣው የሕይወታቸው ክፍል ነው። ዶክተር ብርሃኑ የኢትዮጵያ ኢኮኖሚክስ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነው አገልግለዋል፤ የማኅበሩ የምርምር ክፍል የሆነውን የኢትዮጵያ የኢኮኖሚ ፖሊሲ ጥናት ኢንስቲቲዩትም በዲሬክተርነት መርተዋል። በሙያ ማኅበር ውስጥ የሚሠራ ሰው ሦስት ልማዶችን ይማራል። አንደኛ፣ ማስረጃ ሳይዙ አለመናገርን፤ ሁለተኛ፣ ሐሳባቸው ከእርሱ ጋር ከማይስማማ ሰዎች ጋር በአንድ ጠረጴዛ መቀመጥን፤ ሦስተኛ፣ ከባድ ነገርን ለማያውቀው ሰው በቀላል ቃል ማስረዳትን። በ1997 ዓ.ም. የታየው ዘመቻ ከአሲምባ ይልቅ የዚህን ጉባኤ መሰል አዳራሾች ጠባይ የያዘ ነበር ቢባል ከእውነት አይርቅም።

የ1997ቱ ምርጫ ሲቃረብ አራት ፓርቲዎች ተጣምረው ቅንጅትን መሠረቱ፤ እነርሱም የመላው ኢትዮጵያ አንድነት ድርጅት፣ የተባበሩት ኢትዮጵያውያን ዴሞክራሲያዊ ፓርቲ ከመድኅን ጋር ተዋሕዶ፣ የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ሊግና ቀስተ ደመና ነበሩ። ቀስተ ደመና ዶክተር ብርሃኑ ከመሥራቾቹ አንዱ ሆነው ያቋቋሙት እንቅስቃሴ ነው። ሊቀ መንበርነቱ ለኢንጂነር ኃይሉ ሻውል ሲሆን፣ የዘመቻውን ስልት የመንደፍ ዋና ኃላፊነት በዶክተር ብርሃኑ ላይ ወደቀ። ከፊታቸው የነበረው ችግር ከባድ ነው። ገዢው ፓርቲ በየቀበሌው መዋቅር አለው፤ ተቃዋሚው የለውም። ገዢው ፓርቲ መኪናና አዳራሽ አለው፤ ተቃዋሚው ጥቂት ነው ያለው። ባለፈው በ1992 ዓ.ም. ምርጫ ተቃዋሚዎች ከ547 ወንበሮች ያገኙት በጣት የሚቆጠር ነበር።

ስልቱ የተመሠረተው በእጅ ባለው ነገር ላይ ነበር። የመጀመሪያው በራዲዮና በቴሌቪዥን በቀጥታ የተላለፈው ክርክር ነው። ስለ መሬት ይዞታ፣ ስለ ፌዴራል አወቃቀርና ስለ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሚኒስትሮችና ተቃዋሚዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲከራከሩ ሕዝቡ ሰማ። በየቡና ቤቱና በየሱቁ ሰው ሥራውን አቁሞ ያዳምጥ ነበር። ለብዙው ኢትዮጵያዊ ሚኒስትር ጥያቄ ሲጠየቅና መልስ ሲያጣ ማየት ራሱ አዲስ ትምህርት ነበር። መዋቅር የሌለው ፓርቲ አየሩን እንደ መዋቅር ተጠቀመበት።

ሁለተኛው ምልክቱ ነበር። ቅንጅት የመረጠው ምልክት ወደ ላይ የተዘረጉ ሁለት ጣቶችን ነው። የገዢው ፓርቲ ምልክት ንብ ነበረች። ንብ ታትማ በወረቀት መበተን አለባት፤ ሁለት ጣት ግን ማተሚያ ቤት አያስፈልጋትም። ሕፃን በመንገድ ዳር፣ ረዳት በታክሲ መስኮት፣ ሴት በገበያ መካከል ጣቷን ካነሣች ዘመቻው ተካሄደ ማለት ነው። በ1949 ዓ.ም. ፊደል ላልቆጠረ ሕዝብ የተፈለሰፈው የሥዕል ምልክት፣ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ወረቀቱን ትቶ በሰው እጅ ላይ ወጣ።

ሦስተኛው የሰውን ጉዞ መከተል ነበር። እዚህ ላይ ነው ወልቂጤና ቡታጅራ የሚታወሱት። በአዲስ አበባ የሚሰማው ክርክር በመርካቶ ይብላላል፤ በመርካቶ የተብላላው ነገር ከሸቀጡ ጋር በአውቶቡስ ተጭኖ ወደ አገር ቤት ይገባል። ለአባት ቃል የሚያደርሰው ካድሬ ሳይሆን ልጁ ነው፤ የሚደርሰውም በራሱ ቤት፣ በራሱ ቋንቋ፣ እሳት ዳር ነው። ስለዚህም ቅንጅት በከተሞች የተወለደ ንቅናቄ ሆኖ ሳለ፣ የጉራጌ ዞን በደቡብ ክልል ውስጥ ድጋፍ ካገኘባቸው ቦታዎች አንዱ መሆኑ የሚያስገርም አይደለም። የጉራጌ መንደር ከአዲስ አበባ በኪሎ ሜትር ይራቅ እንጂ በዝምድና አይርቅም። ስልት ነዳፊ ይህን ዝምድና አይፈጥረውም፤ ካወቀው ግን መንገዱን ያስለቅቀዋል።

ሚያዝያ 30 ቀን 1997 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ የቅንጅት ሰልፍ ተደረገ። ከአንድ ቀን በፊት በዚያው አደባባይ የገዢው ፓርቲ ሰልፍ ተደርጎ ነበር። በሁለቱም ቀን እጅግ ብዙ ሕዝብ ወጥቶ በሰላም ወደ ቤቱ መመለሱ፣ ተቀናቃኞች በአንድ ከተማ ውስጥ ተራ ጠብቀው ሊሰለፉ እንደሚችሉ ያሳየ ነገር ነው። ግንቦት 7 ቀን ከ25 ሚሊዮን በላይ ከተመዘገበው መራጭ አብዛኛው ከሌሊት ጀምሮ ተሰልፎ ድምፁን ሰጠ። ቅንጅት በአዲስ አበባ 23ቱንም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ወንበሮች፣ ከከተማው ምክር ቤትም 138 ወንበሮች 137ቱን አሸነፈ። በመጨረሻ በተነገረው ውጤት በአገር አቀፍ ደረጃ ቅንጅት 109፣ የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ኃይሎች ኅብረት 52 ወንበሮች አገኙ። ድምፅ በመሰብሰብ ረገድ ዘመቻው ከታሰበው በላይ ተሳክቷል።

ፈተናው የመጣው ግን ድምፁ ከተሰበሰበ በኋላ ነው። ቆጠራው ሳያልቅ ሁለቱም ወገኖች አሸንፈናል አሉ። ሰልፍ ተከለከለ። አቤቱታዎች ተከማቹ፤ በ31 የምርጫ ክልሎችም ድጋሚ ምርጫ ተደረገ። ሰኔ 1 ቀን 1997 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ደም ፈሰሰ፤ በጥቅምት 1998 ዓ.ም. የባሰ ፈሰሰ። በምክር ቤቱ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ያገኘው የሟቾች ቁጥር 193 ሲቪል ሰዎችና 6 ፖሊሶች ነው። የከተማዋ ከንቲባ እንዲሆኑ የተመረጡት ዶክተር ብርሃኑ ሥልጣኑን ሳይረከቡ፣ ከሌሎች የቅንጅት መሪዎች፣ ከጋዜጠኞችና ከሲቪክ ማኅበራት ሰዎች ጋር ታሰሩ። በእስር ቤት ሆነው የጻፉት «የነፃነት ጎህ ሲቀድ» የተባለው መጽሐፍ በውጭ አገር ታተመ። በ1999 ዓ.ም. ሐምሌ ወር በይቅርታ ተፈቱ።

በዚህ ጊዜ ውስጥ ቅንጅትን የከፈለው ጥያቄ «ምክር ቤት እንግባ ወይስ አንግባ?» የሚለው ነበር። አንዱ ወገን የተገኘውን ይዞ መታገል ይሻላል አለ፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን ፈራ። ሌላው ወገን የተጓደለ ቆጠራን ተቀብሎ መግባት መራጩን መክዳት ነው አለ። ለሁለቱም ወገን ክብደት ያለው ምክንያት ነበረው፤ ሁለቱንም በቅንነት የያዙ ሰዎች ነበሩ። ለስልት ተመራማሪው ግን ከዚህ ክርክር የሚወጣው ትምህርት ሌላ ነው። ይህ ጥያቄ መነሣት የነበረበት ከምርጫው በፊት ነው። «ብናሸንፍ» እና «ብንሸነፍ» ከሚሉት ሁለት መንገዶች ሌላ «ብንጣላበትስ?» የሚል ሦስተኛ መንገድ መነደፍ ነበረበት። ተቋማት ጠንክረው ባልቆሙበት አገር ሦስተኛው መንገድ ከሁለቱ ይልቅ የሚጠበቅ ነው። በዚያ ክረምት ግን ከተቃዋሚውም ከመንግሥቱም በኩል፣ ሕዝቡን ለእንዲህ ያለው ቀን ያዘጋጀ ወገን አልታየም። ዋጋውን የከፈሉትም ስልት ነዳፊዎቹ ብቻ አልነበሩም፤ ስማቸው በየእድሩ መዝገብ የቀረ ወጣቶች ናቸው።

ገዢው ፓርቲም ከ1997 የራሱን ትምህርት ወሰደ። የአባላቱን ቁጥር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በታች ወደ አምስት ሚሊዮን አደረሰ፤ እያንዳንዱን ቤት የሚደርስ አደረጃጀት ዘረጋ። በ2002 ዓ.ም. ገዢው ግንባርና አጋሮቹ ከ547 ወንበሮች 545ቱን ወሰዱ፤ በ2007 ዓ.ም. ምርጫ አንድም የተቃዋሚ ወንበር አልቀረም። በቁጥር ብቻ ለሚመዝን ሰው ይህ ፍጹም የሆነ ስልት ይመስላል። ነገር ግን ሁሉን ያሸነፈ መንግሥት ብዙ ሳይቆይ በአደባባይ ተቃውሞ መናወጡ፣ ተቀናቃኙን ፈጽሞ የሚያጠፋ ስልት የራሱንም ጆሮ እንደሚደፍን ያስረዳል። የሕዝቡን ቅሬታ የሚሰማበት ምክር ቤት የሌለው መንግሥት በመንገድ ላይ ይሰማዋል።

ዶክተር ብርሃኑ በበኩላቸው ከእስር በኋላ ከምርጫ መንገድ ወጡ። በ2000 ዓ.ም. በስደት ሆነው ከጓዶቻቸው ጋር ያቋቋሙትን ንቅናቄ ግንቦት 7 ብለው የሰየሙት በምርጫው ቀን ነው። በ2002 ዓ.ም. በሌሉበት የሞት ፍርድ ተፈረደባቸው። በ2007 ዓ.ም. ማብቂያ የአሜሪካን የመምህርነት ሥራቸውን ትተው ወደ ኤርትራ ሄዱ። የምርጫ ካርድን ያሰላ የነበረ ሰው ጠመንጃን ወደ ማስላት መሻገሩ፣ ደጋፊዎቹ ግድ ሆነበት ይላሉ፤ ነቃፊዎቹ ተስፋ መቁረጥ ነው ይላሉ። የትኛውም ቢሆን፣ ድምፅ ያልተከበረበት ቦታ ምን ዓይነት ሰዎችን ወደ ምን ዓይነት መንገድ እንደሚገፋ ያሳያል። መንግሥትም ሆነ ተቃዋሚ ይህን ዋጋ አስቀድሞ ሊያሰላው ይገባ ነበር።

በ2010 ዓ.ም. የመጣው ለውጥ በሩን መልሶ ከፈተው። ዶክተር ብርሃኑ በዚያው ዓመት ማብቂያ ወደ አገራቸው ገቡ፤ በ2011 ዓ.ም. ግንቦት ወርም ሰባት ፓርቲዎች ከስመው የኢትዮጵያ ዜጎች ለማኅበራዊ ፍትሕ የተባለው ፓርቲ፣ በአጭር ስሙ ኢዜማ፣ ተመሠረተ፤ መሪውም እርሳቸው ሆኑ። የአዲሱ ፓርቲ መዋቅር በምርጫ ወረዳዎች ላይ የተመሠረተ መሆኑ የ1997ን ትምህርት የያዘ ነበር። አየር ብቻውን እንደማይበቃና በየድምፅ መስጫ ጣቢያው ሰው መኖር እንዳለበት የተረዳ ሰው የዘረጋው መዋቅር ነው። ይሁን እንጂ በሰኔ 2013 ዓ.ም. ምርጫ ኢዜማ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያገኘው 4 ወንበር ብቻ ሆነ፤ መሪውም አልተመረጡም። ያለፈውን ጦርነት ስልት አስተካክሎ የመጣ አዛዥ አዲስ ጦርነት እንደሚገጥመው ሁሉ፣ በ2013 መራጩም፣ ተቀናቃኙም፣ የአገሩም ሁኔታ ተለውጦ ነበር። ፓርቲው ቅሬታውን በሕግ መንገድ አቀረበ፤ አዲሱ መንግሥት ሲመሠረትም በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ዶክተር ብርሃኑ የትምህርት ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ።

በሚኒስትርነታቸው ጊዜ የተፈጸመ አንድ ነገር ከዚህ ንግግር ጋር ይገናኛል። የ12ኛ ክፍል ፈተና እንዳይሰረቅ ተብሎ ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ገብተው እንዲፈተኑ ተደረገ፤ በ2015 ዓ.ም. ውጤቱ ሲነገር ከተፈታኞቹ መካከል ከግማሽ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆኑ። ቁጥሩ አገርን አስደነገጠ። እርምጃው በምን ያህል ጥንቃቄ ተወሰደ የሚለው ክርክር እንዳለ ሆኖ፣ ጥያቄው በ1997 ከተነሣው ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ይኸውም «የቆጠርነው ቁጥር እውነተኛ ነውን?» የሚል ነው። የሐሰት ቁጥር ለጊዜው ሁሉን ያስደስታል፤ እውነተኛ ቁጥር ግን አሳፋሪም ቢሆን ሥራ ለመጀመር ያስችላል።

በዚህ መካከል ወልቂጤና ቡታጅራ የራሳቸው ታሪክ ቀጥሏል። በ2011 ዓ.ም. የጉራጌ ዞን ምክር ቤት ጉራጌ ራሱን የቻለ ክልል እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ጠየቀ። መንግሥት በደቡብ ክልል ያሉትን ዞኖች በየጎራው የሚያደራጅ ሐሳብ ሲያቀርብ፣ በ2014 ዓ.ም. ክረምት ሱቆች ተዘግተው ሕዝቡ ቤት በመቀመጥ ተቃውሞውን ገለጠ። ነጋዴ በሆነ ሕዝብ ዘንድ ሱቅ መዝጋት ቀላል ቃል አይደለም፤ ከራሱ ኪስ እየከፈለ የሚናገረው ንግግር ነው። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ። ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ሆነች። ሁለቱ ከተሞች በአንድ ክልል ውስጥ በሁለት ዞኖች ተመደቡ። በ1993 የስልጤ ጥያቄ በሕዝበ ውሳኔ ሲወሰን፣ በ2015ም ደቡብ ኢትዮጵያ የተባለው ክልል በሕዝበ ውሳኔ ሲመሠረት፣ የጉራጌ ጥያቄ ግን በሣጥን ፊት አልቀረበም። ለክልልነቱ የሚሟገትም ሆነ የሚቃወም ሰው በአንድ ነገር ሊስማማ ይችላል፤ ይኸውም ያልተቆጠረ ሐሳብ ብዛቱም ማነሱም እንደማይታወቅ ነው። ሳይቆጠር የቀረ ጥያቄ ሲነሣ ይኖራል።

ክቡራንና ክቡራት፤

ከዚህ ሁሉ ለሙያ ሰው የሚተርፈው ትምህርት ምንድን ነው? የምርጫ ስልት ነዳፊ ችሎታ በሦስት ነገር ይመዘናል። አንደኛው ሕዝቡን በሚገኝበት ቦታ ማግኘቱ ነው፤ በመስቀል ሰሞን ጀፎረ ላይ፣ በእድር ስብሰባ፣ በዓረፋ ጉዞ፣ በመርካቶ በር። ሁለተኛው ሐሳቡን በሁለት ጣት ልክ አድርጎ ማሳጠሩ ነው። በእነዚህ በሁለቱ የ1997ቱ ዘመቻ ከፍ ያለ ችሎታ አሳይቷል። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው የተሰበሰበውን ድምፅ መጠበቅ ነው። ይህም በየጣቢያው የሚቆም፣ የሠለጠነ፣ ፊርማውን የሚያውቅና የውጤቱን ወረቀት ግልባጭ የሚይዝ ታዛቢ ማዘጋጀትን፣ አለመግባባት ሲነሣ የሚሄዱበትን የሕግ መንገድ አስቀድሞ ማስተማርን፣ ደጋፊውንም ለመሸነፍ ማለማመድን ይጠይቃል። ይህ ሥራ ጭብጨባ የለውም፤ በቴሌቪዥንም አይታይም።

የጉራጌ መንገድ ሠሪዎች ይህን ሦስተኛውን ነገር ያውቁት ነበር። ከየቤቱ የተሰበሰበው ገንዘብ በአዋጪዎቹ ፊት ተቆጥሮ፣ በመዝገብ ሰፍሮ፣ ባለ ደረሰኙ «የእኔስ የት አለ?» ሲል መልስ ያገኝ ነበር። መንገዱ የተሠራው በዚህ እምነት ነው። አንድ ቀን አገሪቱ ለመራጭዋም እንዲህ ያለውን ደረሰኝ መስጠት ከቻለች፣ የስልት ነዳፊው ሥራ እንደ ማንኛውም ሌላ ሙያ ይሆናል፤ ያሸነፈው ወደ ቢሮው፣ የተሸነፈውም ወደ መምህርነቱ ወይም ወደ ሱቁ በሰላም ይመለሳል። እስከዚያ ድረስ ማስረጃ ሰብስቦ መመርመርን ሥራው ያደረገ የሙያ ሰው ሁሉ፣ የማንም ፓርቲ ደጋፊ ይሁን፣ የቆጠራው ጠባቂ የመሆን ግዴታ አለበት።